የቶጎጫሌ መንገድ ሮክ

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን በታች ያለው ጎሚስታ አዲስ ስፒከር ገዝቶ በሩ ላይ ሰቀለ። አዲስ ያልኩት ለእሱ አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ሆዱ የተቀደደ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ በመጣ ቁጥር እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይነዝራል። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። ውሃው በክርኔ እየወረደ፣ አፍንጫዬን ናፍጣና አቧራ፣ ጢስ ጢስ የሚል የግመል ወተት ሽታም ሞላው። አዳማ አቧራ አያጣትም፤ ያ የወተት ሽታ ግን ከጅግጅጋ በቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም።

ስለዚያ ጊዜ ስትጠይቁኝ ሁሌ "ሌላ ቀን" እያልኩ አልፋችሁ ነበር። ዛሬ ልንገራችሁ።

ጅግጅጋ የሄድኩት በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምህረት አጋማሽ ላይ፣ እንግሊዝኛ ላስተምር ተመድቤ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የያዝኩት አንድ ሻንጣና ሮክ የሞላበት ስልክ ነበር። ሮክ ስላችሁ ዝም ብሎ የሚጨፈርበትን አይደለም። እኔን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የያዘኝ የተቆጣው ሮክ ነው፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ እስር ቤት፣ ሥራ ስላቆሙ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ በር ስለሚጠብቁ እናቶች የሚጮኸው። አሰላ ሳለን ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው አንድ ካሴት ተውሶ መጣ። እሱን በሳምንቱ ሰለቸው፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አባቴ ፖለቲካ የሚባል ነገር በቤቱ እንዲነሳ የማይፈልግ ሰው ነበር። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ተነስቶ ድምፁን ይቀንሳል። እንግዳ መጥቶ ስለ ኑሮ መወደድ እንኳን ካነሳ መስኮቱን ይዘጋና "ተዉት ባካችሁ፣ ሌላ እንጫወት" ይላል። እኔ እንግዲህ ድምፅ ሲቀነስ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ መሀል ቆሞ የገዛ ሀገሩን መንግሥት "ለምን?" እያለ ሲጮኽበት ስሰማ መዳፌን አላበኝ። እንግሊዝኛውን የተማርኩት ሰውዬው ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እንጀራዬን የጋገረልኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አብሮኝ የሚሰማ ሰው ግን አግኝቼ አላውቅም ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ክፍል አብራኝ የተከራየችው የባዮሎጂ አስተማሪ ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ ጨዋታ የምታውቅ ልጅ ናት። አንድ ቀን ማዳመጫዬን ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ሰካችና ወዲያው ነቀለችው።

"ምን ሆኖ ነው? ጥርሱን እየነቀሉት ነው እንዴ?"

ከዚያ ወዲህ የእኔ ሙዚቃ ስሙ "ጥርስ ነቀላ" ሆኖ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ብርድ ልብስ ልንገዛ ወደ ቶጎጫሌ ሄድን። ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከወዲያ ማዶ ሶማሌላንድ ነው፤ ብርድ ልብሱም ቴርሞሱም ጫማውም በዚያ በኩል ይመጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። ስንነሳ ቁርአን ተከፈተ፤ ከከተማ ስንወጣ የሶማሌ ዘፈን ሆነ። ሜዳው ወለል ብሎ ተዘርግቷል፤ ፀሐዩ በመስታወቱ እየገባ ጉልበታችንን ያሞቀናል፤ ነጋዴ ሴቶቹ በሻሻቸው ተጠቅልለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኬላውን ካለፍን በኋላ ሾፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ ቃኘት አደረገና ፍላሹን ቀየረ።

መጀመሪያ የአሮጌ ካሴት ሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ጊታሩ።

ዘፈኑን አወቅኩት። ወንድሜ ተውሶ ባመጣው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለ ነው። አንድ ሰው ወደ ተወለደበት ሰፈር ይመለሳል፤ ቤቶቹ የሉም። ባዶው ቦታ ላይ እየዞረ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል፤ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ልጅ ሆኖ የሚፈራትን ተቆጪ አሮጊት። ማንም አቤት አይልም። በመጨረሻ መጥራቱን ይተውና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ "ማን ነው ያዘዘው?" የሚኒባሱ የተቀደደ ስፒከር እየነዘረ፣ ከአሰላ ወዲህ ከማዳመጫ ውጪ ሰምቼው የማላውቀውን ዘፈን በዚያ ሜዳ ላይ ሰማሁት። ከንፈሬ ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር። ልክ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስንደርስ ድምፁ ተዋጠ፤ ካሴቱ ድሮ ተበጥሶ የተቀጠለ ኖሯል። ዘፈኑ ስንኙን ዘሎ ጊታሩ ላይ ወደቀ። እኔ ግን አልዘለልኩም። ሳላስበው፣ በሙሉ ድምፄ፣ የጎደለውን ዘፈንኩት።

ተሳፋሪው ነቃ። ጓደኛዬ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቹ ትልቅ ሆነው ታዩኝ።

"መዓሊመድ" አለኝ። አስተማሪዋ ማለት ነው፤ ስንሳፈር ለረዳቱ ስንነግረው ሰምቷል። "ምንድን ነው ያልሽው?"

"የጎደለውን ነዋ።"

"የጎደለ ነገር አለው እንዴ?"

ቶጎጫሌ ስንደርስ ብርድ ልብሱን አስረሳን። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሸራ የተወጠረበት ቤት አስቀምጦ ሻይ ጋበዘን። አርባ ግድም የሆነው፣ ቀጭን፣ የፊት ጥርሶቹ መሀል ክፍተት ያለው ሰው ነበር። ልጅ ሳለ፣ ሀርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ስትደበደብ፣ ከእናቱ ጋር ተሰዶ ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው ያደገው። ለካምፑ ውሃ በቦቴ የሚያመላልስ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ልጆቹን አልፎ አልፎ ጋቢና ያስገባቸዋል፤ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ካሴቱን ለእሱ ሰጠው። ካሴት የሚያጫውት መኪና ሲጠፋ አንድ ሙዚቃ ቤት ወስዶ ወደ ፍላሽ አስገለበጠው። እንግሊዝኛ አይችልም።

"ግን ገብቶኛል" አለኝ። "የፍቅር ነው። የሴቶቹን ስም እየጠራ ነው አይደል? ብዙ ሴቶች ነበሩት።"

ጓደኛዬ ሻይዋ ትን አላት። እኔ ግን ነገርኩት፤ ሰፈሩን፣ ቤቶቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀውን። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"ቤቶቹ የሉም?"

"የሉም።"

"በሰርጌ ቀን አስከፍቼዋለሁ እኮ!"

እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሳቀው። ከዚያ ሦስታችንም ዓይናችን እስኪያነባ ሳቅን፤ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ምን ተገኘ ብላ ወጥታ አየችን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰውየው ወደ ድንበሩ፣ ሰው ወዲያና ወዲህ ወደሚልበት ዞረ።

"ለእናቴ እንዳትነግሪያት" አለኝ። "እሷ ስለዚያ ነገር አታወራም።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ጋቢናው የእኔ ሆነ። የምገዛው ነገር ኖረም አልኖረም እሄዳለሁ። እሱ ዘፈን ይከፍታል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ደግሞ የእኔን አማርኛ ወደ ሶማሊኛ ገልብጦ ለረዳቱ ያስረዳል። በስልኬ ያሉትንም ወደ ፍላሹ ጨመርንለት። "አቦዌ" እለው ጀመር፤ ታላቅ ወንድምን እንዲህ ነው የሚሉት። እስቲ አስቡት፤ ከዓሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ለብቻዬ የያዝኩትን ነገር የሚጋራኝ፣ ከበሮው የሚጀምርበትን ቦታ ከእኔ እኩል ጠብቆ መሪውን በመዳፉ የሚመታ ሰው አገኘሁ። አንድ ቀን እያዘንኩ የሰማሁትን ነገርኩት። ያ ዘፋኝ አርጅቷል፣ ሀብታም ሆኗል፣ ድሮ ከሚጮኽባቸው ባለሥልጣናት ጋር ራት ሲበላ ፎቶ ተነስቷል። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም።

"ዘፈኑን ሰጥቶናል አይደል? ራቱን የፈለገበት ይብላ።"

ዛሬም ስለ አንዱ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ይህ መልስ ይመጣልኛል፤ እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።

እናቱ ቤት የወሰደኝ በዚያው ሰሞን ነው። ቤታቸው ከከብት ገበያው ወዲህ፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። እናቱ አጭር፣ ጣቶቿ በሂና የጠቆሩ፣ ስትቀመጥ ጀርባዋን ቀጥ የምታደርግ ሴት ነበረች። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ልብስ ስትሸጥ ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። "ና፣ ሆዮ፣ ብላ!" አለችኝ ገና ከበሩ ስገባ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ እናትም ልጇን መልሳ እንደዚያው ትጠራለች። እኔም ሆዮ አልኳት። የግመል ወተት በትልቅ ኩባያ ሰጠችኝ፤ እቃው በጢስ ታጥኖ ስለነበር መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ በኋላ ግን ካላገኘሁት የምፈልገው ሆነ። ሙዚቃችንን ግን አትወደውም። ልጇ መኪናውን ግቢ አስገብቶ ሲከፍት "ዝጋው፣ ፍየሎቹ ወተት ይከለክላሉ" ትለዋለች።

እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ።

ስለ ሐምሌ መጨረሻው ብዙ አልናገርም። ከተማዋ ታመሰች፤ እንደ እኛ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ይታደን ጀመር፤ ይሄን ታውቃላችሁ። በአንድ በኩል ጭስ ይታየናል፣ በሌላ በኩል የሩጫና የጩኸት ድምፅ እንሰማለን፤ ስልክ አይሠራም። እኔና ጓደኛዬ በሩን ቆልፈን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን፣ ወጥተን ቤተ ክርስቲያን እንግባ ወይስ እዚሁ እንቆይ እያልን እንከራከር ነበር። እኩለ ቀን ላይ የሚኒባሱን ሞተር በድምፁ አወቅኩት። ሾፌሩ መጋረጃዎቹን ሁሉ ጋርዷል።

"ምንም አትያዙ። ግቡ።"

ጓደኛዬ ነጠላዋን ለመውሰድ ዞር ስትል ክንዷን ይዞ አስገባት። መሬቱ ላይ ተኝተን ሄድን። ሙዚቃ አልተከፈተም። የጎማው ድምፅ፣ የእሱ ትንፋሽ፣ አንዳንዴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለሆነ ሰው በሶማሊኛ የሚመልሳት አጭር ቃል፤ ያ ብቻ ነው የሚሰማው።

እናቱ የውስጠኛውን ክፍል ሰጠችን። እሷ ራሷ የተገለበጠ ጀሪካን አምጥታ የግቢው በር ፊት ለፊት፣ ከውጭ፣ ተቀመጠች። ልጇ "ግቢ እንጂ" ሲላት አልሰማ አለችው። በማግስቱ ጎረምሶች መጡ። በቆርቆሮው በኩል እንሰማቸዋለን። እኔ ሶማሊኛዬ ጥቂት ቢሆንም ማንን እንደሚፈልጉ ገብቶኛል። ጓደኛዬ እጄን ይዛ በሹክሹክታ ትጸልያለች። የቀረውን ሾፌሩ በኋላ ነው ያስረዳኝ።

አሮጊቷ አልተነሳችም። ከፊት የቆመውን "የማን ልጅ ነህ?" አለችው። የአባቱን ስም ነገራት። "የእናትህን ነው የጠየቅኩህ" አለችው። እሱንም ነገራት።

"አውቃታለሁ። ሐርተሼክ አንድ ጀሪካን ውሃ ተካፍለን ጠጥተናል። አንተን አርግዛ ፀሐይ ላይ ስትወድቅ እኔ ነኝ ያነሳኋት። ሂድና ጠይቃት። የተሰደደ ሰው በር ላይ እንድቆም ነው ወይ የወለድሽኝ በላት። አዎ ካለችህ ተመልሰህ ና፣ እከፍትልሃለሁ።"

ከዚያ እግሮቹ እየራቁ ሄዱ። ልጁ ተመልሶ አልመጣም።

ቀኖቹ ግን አላልቅ አሉ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለሚቃጠሉ ከተሞች የተዘፈነ ስንት ዘፈን አለበት! ለዓመታት አብሬያቸው ጮኼያለሁ፤ አንዱን እንኳን መክፈት አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ዳቦ ሊፈልግ ወጥቶ ሳለ እናቱ ገባችና ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። በጣሪያው ቀዳዳ የገባ ፀሐይ ጣቶቿ ላይ አርፏል።

"ያ የልጄ ዘፈን" አለችኝ። "የሚጮኸው። ምን ይላል? ንገረኝ።"

ጨነቀኝ። አትንገሪያት መባሌን አስታወስኩ።

"ስለ ፍቅር ነው፣ ሆዮ።"

"አንተ ውሸት አትችልም" አለችኝ።

ነገርኳት። በተሰባበረ ሶማሊኛና በገበያ አማርኛ፣ ሰውየው ሰፈሩ መመለሱን፣ ቤቶቹ አለመኖራቸውን፣ ጎረቤቶቹን በየስማቸው መጥራቱን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ያለቀሰች መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አላለቀሰችም። አውራ ጣቷን አጠፈችና አንድ ስም ተናገረች። ሌባ ጣቷን አጠፈች፣ ሌላ ስም። ሀርጌሳ የነበረው ሰፈሯ ነው። ከቤቷ በስተቀኝ የምትኖረውን፣ ፊት ለፊት ያለውን ወርቅ ሠሪ፣ ግድግዳ የምትጋራትን ሙሽራ። የእጇ ጣቶች አለቁባትና የእኔን እጅ ይዛ በእኔ ጣቶች ቀጠለች። ስሞቹ የእሷ ስለሆኑ እኔ አልጠራቸውም። ጓደኛዬ ያን ጊዜ ጸሎቷን አቁማ ትሰማ ነበር። ዞር ስል ሾፌሩ ዳቦውን በፌስታል እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። አልገባም። እናቱ እስክትጨርስ እዚያው ቆመ። ከስሞቹ አንዱንም ሰምቶ እንደማያውቅ የነገረኝ በኋላ ነው።

ነገሩ ሲረጋጋ ሁለታችንም ወደየቤተሰቦቻችን ሄድን። ጓደኛዬ አልተመለሰችም፤ አልፈርድባትም፤ እስከ መጨረሻው ግን በየበዓሉ ለአሮጊቷ ትደውልላት ነበር። የእኔም አባት "በቃሽ፣ እዚሁ ሥራ ፈልጊ" ብሎኝ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ግን ተመለስኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። አሰላ ቁጭ ብዬ ማታ ማታ ዜና ሲመጣ ሬዲዮው ሲቀነስ ዳግመኛ መስማት ስላልቻልኩ ነው። አሮጊቷ በሩን ከፍታ አየችኝና "ዘገየህ" ብቻ አለችኝ፤ ኩባያዬን ልታመጣ ገባች።

ሮኩ ግን አልተመለሰም። የክፍሉ የብረት በር ጓ ሲል የምደነግጥ ሰው ሆኜ ነበር፤ ጊታር እንዴት ልስማ? ሾፌሩም እንደዚያው። ቅዳሜ ጋቢና ስቀመጥ የሶማሌ ዘፈን ብቻ ይከፍታል። ስለ ጎማ እናወራለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለዚያ ሰሞን ነገር አንዳችንም አናነሳም። ስንት ዓመት የወደድኩት ነገር ሞተብኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ለማን እንደማለቅስ ሰው እንዳይጠይቀኝ እያፈርኩ።

ከብዙ ወራት በኋላ፣ ዝናቡ ጥሎ ሜዳው ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ በለበሰበት ሰሞን፣ እናቱ ሐርተሼክ ውሰደኝ አለችው። የመጨረሻ ልጇ እዚያ ካምፕ ውስጥ በተቅማጥ ሞታ የተቀበረች ናት። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። በቀብሪበያህ በኩል አልፈን ደረስን። ካምፑ ከተዘጋ ብዙ ጊዜው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የኖረበት ቦታ ሣርና እሾህ ብቻ ሆኗል፤ ቁጥቋጦዎቹ ላይ የቆየ ፌስታል ይውለበለባል። አሮጊቷ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች። ውሃው እዚህ ነበር፣ ሐኪም ቤቱ እዚያ ነበር ትላለች። መቃብሩን አላገኘችውም። ንፋሱ ቀሚሷን እያጣበቀባት መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔና ልጇ ራቅ ብለን ቆምን።

"ያን ስም የሚጠራውን ክፈትልኝ" አለችው።

እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት።

"እዚህ?"

"እዚህ።"

ሚኒባሱን አስጠግቶ በሮቹን በሙሉ ከፈታቸው። ያ ሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ የተቀደደው ስፒከር መነዘር ጀመረ። ከሩቅ የሚግጡ ግመሎች አንገታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። እኔ ልደነግጥ ጠበቅኩ፤ ደረቴን ይዤ ጠበቅኩ። አልደነገጥኩም። ሰውየው መጥራት ጀመረ፤ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ተቆጪዋን አሮጊት። የተዋጠው ስንኝ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ዞሮ ጠበቀኝ። ዘፈንኩት። ድምፄ ተሰነጣጠቀ እንጂ ወጣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ልጇ ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

"ተወው፣ ይጩኽ" አለችው። "እኛ ስንሸሽ ልጆቹ እንዳያለቅሱ አፋቸውን ይዘን ነው የሄድነው። ይጩኽ።"

ደግሞ ተከፈተ። ሁለተኛው ዙር መሀል ላይ፣ ሰውየው እየጠራ ሳለ፣ አሮጊቷ ቀና አለችና የሞተችውን ልጇን ስም ጠራች። ያ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ያ ዝግ ያለ አነጋገር፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ከጊታሩ በላይ ወጣ። ደግማ ጠራቻት። ልጇም፣ ያ ሁሌ የሚስቀው ሰው፣ እህቱን ጠራ። ስንመለስ ቀብሪበያህ ላይ ቆመን ሻይ ስንጠጣ አሮጊቷ ሌላም ዘፈን አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን እስከ ጅግጅጋ ድረስ በስልኬ ካሉት እየመረጥኩ ከፈትኩላት። ከበሮው የበዛበትን አልወደደችውም።

ሮክን እንደገና የሰጠችኝ እሷ ናት። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ጊታር የማትወድ አሮጊት! ግን እውነቴን ነው። በመጽሔት ያነበብኩት፣ ከሌሎች አፍቃሪዎች ጋር የተከራከርኩት ሁሉ ሰውየው ለምን እንደሚጮኽ እሷ በአንድ ቃል የነገረችኝን ያህል አላስተማረኝም። አሁን ለተማሪዎቼም ዘፈን እያሰማሁ ነው እንግሊዝኛ የማስተምራቸው። ዳይሬክተራችን አንዳንዴ በመስኮት አንገቱን አስግጎ "ቀንሱት" ይላል። እሺ እለዋለሁ፤ ጥቂት እቀንሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ወደ አዳማ ተዛወርኩ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ ይደውልልኛል፤ አንዳንዴ ምንም ሳይናገር ስልኩን ስፒከሩ ላይ ይይዘዋል፣ እኔም እሰማና እዘጋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሲደውል ግን ሙዚቃ አልነበረም። "ሆዮ አረፈች" አለኝ። ዕለቱን እንደምትቀበር አውቃለሁ፤ እንደማልደርስም አውቃለሁ። ቢሆንም ተነሳሁ። በማግስቱ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ወንዶቹ ከውጭ ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ ውስጥ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ግድግዳው ሥር ቦታ ሰጡኝ። ዱዓው ሲደረግ ምን እንደምል ስለማላውቅ አንገቴን ደፍቼ እጆቼን እንደ እነሱ ዘረጋሁ። ማንም ምንሽ ናት ብሎ አልጠየቀኝም።

የሾፌሩ ትንሿ ልጅ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ የተወለደችው፣ በሴቶቹ መሀል ስትንከራተት ቆይታ ፊቴ መጥታ ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አልሳቀችልኝም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ የሆነ ነገር እንደወሰነች ሰው ዞራ ጭኔ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደገፈች። ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጥቂት ቆይቶ ራሷ ከበደ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

እግሬ ደነዘዘ። ሴቶቹ ልቀበልሽ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ራሴን ነቀነቅኩ። ፀሐዩ ወደ ደጃፉ እየሸሸ ሳለ አባቷ በበሩ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙ አድጓል። ልጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መዓሊመድ፣ መኪናው ያመልጥሻል።"

"ነገም መኪና አለ፣ አቦዌ" አልኩት።